እሳትም ስኳርም ያልነካው የገና ጣፋጭ

እሳት ሳይነካው፣ ስኳር ሳይገባበት፣ በናና የሚሠራ የገና ጣፋጭ ላይ በዚህች አገር የሚወዳደረኝ ሰው የለም። ከሰበታ እስከ ሱሉልታ፣ መሀል ያለችውን አዲስ አበባንም ጨምራችሁ፣ አለ የምትሉትን አምጡና ፊቴ አቁሙት፤ በአንዲት ማንኪያ እረታዋለሁ። ይህን የምለው በትሕትና ነው።

ባለቤቴ ይህን መስመር በትከሻዬ ላይ አንብባ፣ "የሚወዳደርህ የሌለው ሌላ የሚሠራው ስለሌለ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው። እስከዚያ ታኅሣሥ ድረስ ማዕድ ቤት የምገባው "ምሳ አልደረሰም?" ለማለት ብቻ ነበር። አንዴ እንቁላል እንድቀቅል ታዝዤ ውሃ ሳልጨምርበት ድስቱን ጥጄዋለሁ። ያ ድስት እስከ ዛሬ ግቢያችን ውስጥ የዶሮ ውሃ መጠጫ ሆኖ ያገለግላል፤ ዶሮዎቹም ሲጠጡ ቀና እያሉ በንቀት ያዩኛል።

እሳት የማይፈልግ ነገር የመረጥኩትም ለዚሁ ነው።

ነገሩ የተነሣው በታላቅ እህቴ ነው። የምትኖረው ሰበታ ነው። ስኳር ካለባት ዓመታት ሆነዋል፤ በሽታውን የያዘችው ሰው ክፉ አከራዩን እንደሚይዝ ነው፤ አትወደውም፣ ያለውን ግን ታደርጋለች። ብላ ያላትን ትበላለች፣ ተዪ ያላትን ትተዋለች፣ በሰዓቱ ጣቷን ወግታ ትለካለች። ስታማርር ሰምቻት አላውቅም። እኔ ጉንፋን ሲይዘኝ ከቡራዩ እስከ አምቦ ያለው ሰው ሁሉ ይሰማል።

አምና ገናን እኛ ጋ ቡራዩ ነበረች። ዶሮው ተበልቶ ካበቃ በኋላ ልጃችን በዋዜማው ከመሥሪያ ቤቷ ስትመለስ ይዛው የመጣችው ትልቅ ኬክ ቀረበ። እኛ ደግሞ ጨዋ ሰዎች ነን፤ እህቴ እንዳትጎመጅ ብለን ያላደረግነው የለም። ባለቤቴ ኬኩን ከነካርቶኑ አንሥታ ማዕድ ቤት ወስዳ እዚያ ቆረሰችው። ልጄ ድርሻዋን በሶፍት ሸፍና፣ ወደ ግድግዳው ዞራ በላች። እኔ የኔን ይዤ መጋረጃ ጀርባ ገባሁ፤ ሆዴ ግን ከመጋረጃው ውጭ ቀረ። እህቴ ሶፋው ላይ ብቻዋን ትንሽ ተቀመጠችና "ሳህን ላጣጥብ" ብላ ተነሣች። በበዓል ቀን፣ በሐበሻ ቀሚሷ፣ ያደፈውን ሁሉ አጥባ ስትጨርስ ንጹሑንም ከመደርደሪያ አውርዳ ደግማ አጠበችው። ከዚያ "ታክሲ ሳይጠፋ" ብላ ሄደች።

ዘንድሮ ታኅሣሥ ሲገባ ደወልኩላት።

"እትዬ፣ ለገና በጠዋት ነው አይደል የምትመጪው?"

"ዘንድሮ አልመጣም። እዚሁ ቤቴ እውላለሁ።"

"ምነው? ማን አስቀየመሽ?"

"ማንም። እግሬን ያመኛል።"

የእህቴን እግር አውቀዋለሁ። ያ እግር በግ ረከሰ ከተባለ ተጂ ገበያ ድረስ ሄዶ፣ በጉ ደክሞት ቢተኛ በጉን አዝሎ የሚመለስ እግር ነው። ስለዚህ እግሯን ትቼ ወደ ነገሩ ገባሁ።

"ኬኩ ነው አይደል? እኛ ስንበላ አንቺ ዝም ብለሽ ማየቱ..."

ዝም አለች። እኔ ዝምታን እንደ ስምምነት የምወስድ ሰው ነኝ፤ ያገባሁትም እንደዚያው ነው።

"ስኳር የሌለው ጣፋጭ ብሠራልሽስ?"

"ስኳር የሌለው ጣፋጭና ቀልድ የሌለበት አንተን፣ ሁለቱንም አይቼ አላውቅም።"

"ብሠራስ?"

"አንተ? በእጅህ?"

"በእነዚህ እጆቼ።"

ሳቀች። ከሳቀች በኋላ ግን ድምፅዋ ተለወጠ። "እሺ፣ ይኼንንማ ሳላይ አልቀርም። ግን መለኪያዬን ይዤ ነው የምመጣው። እበላለሁ፣ ከዚያ ጣቴን ወግቼ አያለሁ። ዋሽተኸኝ ስኳሬ ሽቅብ ከወጣ ያኔውኑ ተነሥቼ ወደ ሰበታ ነው። ለገና ሁለተኛ አትጥራኝ።"

የተወራረድንበት ነገር ይኸው ነበር። ጣፋጩ ከሆነ እህቴ አለች፤ ካልሆነ ከእንግዲህ ገና ያለ እሷ ነው። ቀላል ነገር አይደለም። እናትና አባታችን ካለፉ ወዲህ እኛ ቤት ተነሥቶ የሚመርቅ ሰው እሷ ብቻ ናት። እሷ ካልመረቀች በዓሉ አያልቅም፤ ዝም ብሎ ሰው አንድ በአንድ እየተነሣ ይተኛል።

አሠራሩን ያገኘሁት ስልኬ ላይ ነው። ቀይ ኮፍያ ያደረገች አንዲት ፈረንጅ በቪዲዮ ታሳያለች። ወሬዋ ቶሎ ቶሎ ስለሆነ የገባኝ እጇ የሚያደርገው ብቻ ነው። ለውዝ ትወቅጣለች፣ በቅቤ ታሸዋለች፣ ሳህን ላይ ትደለድለዋለች። ከዚያ ክሬም መትታ፣ ከረሜላ የመሰለ ሳቅ እየሳቀች፣ ከቅጠል የተሠራ የስኳር ምትክና ካካዎ ትጨምርበታለች፤ መጨረሻ ላይ ከትንሽ ብልቃጥ የናና ዘይት ጠብ ጠብ አድርጋ ለውዙ ላይ ታፈሰዋለች። ፍሪጅ ውስጥ ያድራል፣ ይረጋል፣ በቢላ ይቆረሳል። ምድጃ የሚባል ነገር አንዴም አልታየም። ሴትዮዋ የድስቱን ታሪክ ሰምታ መሆን አለበት።

ያን ዕለት ማታ ራት ላይ አዋጅ አወጣሁ፤ በገና ዕለት እዚህ ቤት ኬክ አይገባም፣ ብስኩት አይገባም፣ ለስላሳ አይከፈትም፤ ሻይም ቡናም ያለ ስኳር ነው።

"እንግዳ ቢመጣስ?" አለች ባለቤቴ።

"እንግዳም ሕዝብ ነው፤ አዋጁ ይመለከተዋል።"

"አባዬ፣ ሲሪየስ ነህ?" አለች ልጄ።

"የስኳር ጣሳውም ከቤት ይወጣል። በያጁ ጋ በእንግድነት ይቆያል።"

በያጁ ጎረቤቴ ነው። አንድ ግቢ ነው የተከራየነው፤ የብየዳ ቤቱ ከግቢው በር ጎን ናት። ሙስሊም ነው። በእኛ ጾም እሱ ቅቤውን ሲበላ በሩን ዘጋ ያደርጋል፤ በእሱ ጾም እኛ ውሃ የምንጠጣው ወደ ጓሮ ዞረን ነው። በተረፈ የሚያጣላን ነገር የለም፤ እሱ የብረት መቁረጫ ግራይንደሩን ሲያስነሣ እኔም ቀልዴን ስጀምር በሁለታችንም ሰው ጆሮውን ይይዛል።

በበዓሉ ዋዜማ በጠዋት ተነሥቼ ክሬም ፍለጋ ሱሉልታ ሄድኩ። ከቡራዩ ሱሉልታ በታክሲ መሄድ ማለት አዲስ አበባን ዳር ዳሯን ዞሮ መሳም ማለት ነው። እዚያ ስደርስ ሜዳው በውርጭ ነጥቷል፤ ላሞቹ ሲተነፍሱ የፋብሪካ ጭስ ይመስላል። ላሞች ካሏቸው አንድ ሽማግሌ ደጃፍ ቆምኩ።

"ኦቦ፣ አካም ቡልተን?" አልኳቸው፤ እንዴት አደሩ ማለቴ ነው።

"ነጋ፣ ነጋ። አንተስ ደህና?"

"ክሬም ፈልጌ ነው፤ ከወተቱ ላይ የተገፈፈ፣ ወፍራም።"

ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። በጾም ወተት ገዢ አጥተው ሰንብተዋል፤ ለክሬም ብሎ ከቡራዩ የመጣ ክርስቲያን ደግሞ በዕድሜያቸው አላዩም።

"በጾም?"

"ለነገ ነው ኦቦ። ለእህቴ። ስኳር አለባት፤ ስኳር የሌለው ጣፋጭ ልሠራላት ነው።"

"ክሬም ብቻውን አይጣፍጥም እንዴ?" አሉ። ትንሽ አሰቡና፣ "እህትህ ነች የጠየቀችህ?"

"እኔ ነኝ ያሰብኩት።"

"ኤዲያ! መጀመሪያ ብትጠይቃትስ?" አሉና ክሬሙን በጀሪካን ሞልተው ሰጡኝ። "ገለቶማ ኦቦ" ብዬ አመስግኜ ወጣሁ። ጥያቄያቸውን እዚያው ደጃፋቸው ላይ ትቼው ሄድኩ፤ ታክሲው ሊሄድብኝ ነበር።

ቀን ላይ ሥራው ተጀመረ። ከቀናት በፊት እህቴ ጋ ብቅ ብዬ ስመለስ ከዓለም ገና መንገድ ዳር የገዛሁት አንድ እስር ናና ነበረኝ፤ ዘይት ከመግዛት ቅጠሉን ልጭመቅበት ብዬ አስቤ ነበር። በጥቂት ክሬም ሞከርኩት። ክሬሙ አረንጓዴ ሆነ። ባለቤቴ አየችውና "ጥሩ ጎመን ነው፤ ዛሬ ጾም መሆኑን አልረሳህም" አለችኝ። ስለዚህ ታክሲ ተራው አጠገብ ካለው የቅመማ ቅመም ሱቅ የናና ዘይቱን በብልቃጥ ገዛሁ።

ለውዙን ወቀጥኩት። "ለውዙ እኮ የተቆላ ነው፤ እሳት ነክቶታል" አለች ልጄ። "እኔ አልቆላሁትም" አልኳት። ሕግ የምትተረጎመው እንደዚህ ነው።

ክሬሙን መምታት ግን ሌላ ጣጣ ነው። የፈረንጇ መምቻ በኤሌክትሪክ ይሽከረከራል፤ የኛ መምቻ በኔ ክንድ ነው። ጥቂት ከመታሁ በኋላ ክንዴ ከትከሻዬ ተነቅሎ ክሬሙ ውስጥ የሚገባ መሰለኝ። በያጁ በር ላይ ቆሞ ሲያየኝ ቆየ።

"ለምንድን ነው የምትሰቃየው? አምጣው ወደኔ።"

አዲስ ሽቦ አጣጥፎ መምቻ ሠራ፤ አጥቦ፣ ብረት የሚበሳበት ድሪል አፍ ላይ አሰረው። ክሬሙን በባልዲ አድርገን የብየዳ ቤቱ መሀል፣ በግማሽ የተሠራ የግቢ በርና የመስኮት ፍርግርግ መካከል አስቀመጥነው። መከላከያ መነጽሩን አጠለቀ፤ ለኔም አንድ ሰጠኝ።

"ዝግጁ?"

"ዝግጁ።"

ድሪሉ ሲነሣ የክሬሙ ዳመና ባልዲው ውስጥ ተነሣ፤ ጥቂቱ ግድግዳው ላይ፣ ጥቂቱ መነጽሬ ላይ፣ ጥቂቱ ሰው ሊወስደው ለበዓል ያሠራው በር ላይ አረፈ። አንዲት ሴትዮ ጆሮዋን ይዛ ብቅ አለችና "ምን እየበሳችሁ ነው?" አለች። "ክሬም" አላት በያጁ። ጆሮዋን እንደያዘች ሄደች። ትንሽ ብንቆይ ኖሮ ቅቤ ይወጣልን ነበር፤ በያጁ ግን ልምድ ያለው ሰው ነው፣ በጊዜው አነሣው። በረዶ የመሰለ፣ ማንኪያ ቢተክሉበት የማይወድቅ ክሬም ሆነ። በቡራዩ ታሪክ እንዲህ ያለ ክሬም አልተመታም።

የስኳሩን ምትክ፣ ካካዎውን፣ ከዚያም ፈረንጇ እንዳደረገችው የናናውን ዘይት ጠብ አደረግኩበት። አሁን መቅመስ ቀረ።

ችግሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ጾም ነው፤ ክሬሙ ደግሞ የፍስክ ነው። እኔ በጾም ጉዳይ ቀልድ አላውቅም፤ በሌላው ሁሉ ስለቀለድኩበት ለራሴ ያስቀረሁት ይህን አንዱን ብቻ ነው። ባለቤቴም ልጄም ጿሚ ናቸው። ቤታችን ውስጥ ያለ ምላስ ሁሉ እስከ ነገ ድረስ ታስሯል። ነጻ የሆነው ምላስ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አጠገቤ ቆሞ መነጽሩን እያወለቀ ነው።

"ቅመስና እውነቱን ንገረኝ። ልታስደስተኝ ብለህ እንዳትዋሸኝ፤ እህቴ የምትመጣው በዚህ ነው።"

"ቢስሚላህ።" አንድ ማንኪያ ወሰደ። ዓይኑን ወደ ቆርቆሮው ጣሪያ አቅንቶ አሰላሰለ። "ይጣፍጣል። ስኳር የለውም ነው ያልከኝ? ወላሂ ይጣፍጣል። ናናው ግን የት አለ?"

"ጨምሬያለሁ እኮ።"

"ምንም አይሰማኝም። ጨምርበት።"

ጨመርኩ። ቀመሰ።

"እህስ?"

"ከሩቅ ይሸታል። የሰው ጎረቤት ናና የጠጣ ያህል ነው። ጨምር፣ አትሳሳ!"

ጨመርኩ። ጨመርኩበት። በመጨረሻ ክዳኑን ነቅዬ ብልቃጡን ዘቀዘቅኩት። በዚህ መሀል ባለቤቴ ከማዕድ ቤት ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ወጣች።

"ምንድን ነው የሚሸተው? ማን ታመመ?"

"የገና ጣፋጭ ነው።"

"ዓይኔን አስለቀሰኝ እኮ! ለዶሮው ያን ሁሉ ሽንኩርት ስከትፍ ያላለቀስኩትን!"

"አንቺ ያሸተትሽው ነው። እሱ ቀምሶ ነው የሚናገረው።"

በያጁ ሌላ ማንኪያ ወሰደና ራሱን ነቀነቀ። "አሁን መጣ። አሁን ናና አለው" አለ። እኔም ባለሙያ መሰከረልኝ ብዬ ክሬሙን ለውዙ ላይ ደልድዬ አፈሰስኩት።

የኛ ፍሪጅ በዶሮ ተጨናንቆ ስለነበር ሳህኑ የሚያድረው በያጁ ፍሪጅ ውስጥ ሆነ። እዚያ፣ በስደት ካለው የስኳር ጣሳችን በላይ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ ካርቶንም ነበረ። ስለ ካርቶኑ ቆይቼ እናገራለሁ።

ከዚያ፣ በዓል አይደለ፣ መብራት ሄደ። በያጁ ግን አልተደናገጠም። የግቢው የውሃ ታንከር ጀርባ ፀሐይ የሚባል ነገር የማያይ ጥግ አለ፤ በታኅሣሥ ብርድ ከፍሪጅ አይተናነስም። ውሻና ድመት እንዳይደፍሩት ብሎ መሣሪያ የሚያኖርበትን የብረት ሳጥን ጠርጎ፣ ሳህኑንም ካርቶኑንም እዚያ ውስጥ ከታንከሩ ጀርባ አስቀመጣቸው። ጣፋጬ በብረት ውስጥ፣ በውርጭ፣ እንደ ሹም በጥበቃ አደረ።

ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን እህቴ ደረሰች። በዓል ስለሆነ በሰበታ መንገድ ታክሲ የለም፤ እስከ ዓለም ገና በባጃጅ፣ ከዚያ በተገኘው ሁሉ እየተቀባበለች ነው የመጣችው። አፍንጫዋ በጉንፋን ተዘግቷል፤ ቦርሳዋ ውስጥ መለኪያው አለ።

"እንኳን አደረሰህ። የታለ?"

"መጀመሪያ ዶሮው እትዬ!"

ጾሙ ተፈታ፣ ዶሮው ተበላ። ሳህኑን ከታንከሩ ጀርባ አምጥቼ ጠረጴዛው መሀል አኖርኩት። ከላይ ካካዎ ነስንሼበታለሁ፤ እንደ ሸክላ ረግቷል፤ በቢላ ሲቆረስ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ቆመ። ለመልኩ እኔ ራሴ ልሰግድለት ምንም አልቀረኝም። የመጀመሪያውን ቁራሽ ለእህቴ ሰጠኋት። ለሁላችንም ቆረስኩ። አንድ ዓይነት ሳህን፣ አንድ ዓይነት ማንኪያ።

እህቴ ጎረሰች።

አላኘከችም። ዓይኖቿ በመጀመሪያ ተከፈቱ፤ ቀጥሎ በዕንባ ሞሉ። በረጅሙ ተነፈሰች፤ ያ ትንፋሽ የሱሉልታን ሜዳ ዞሮ የመጣ ነው የሚመስለው።

"እትዬ፣ ደህና ነዎት?" አለች ባለቤቴ ደንግጣ።

"አፍንጫዬ" አለች እህቴ፤ "ተከፈተ!"

ልጄ ቀምሳ "አባዬ፣ ይኼ ፕራንክ ነው?" አለችኝ። ባለቤቴ አንድ ማንኪያ ወስዳ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ "በጣም... ቀዝቃዛ ነው" አለች። እኔ ጎረስኩ። ምላሴ ከአፌ ወጥቶ የሄደ መሰለኝ፤ ጥርሶቼ አንድ በአንድ እየተነሡ ስማቸውን ሲጠሩ ይሰማኛል። ሶፍት አፌ ላይ አድርጌ አሳልኩና ሶፍቱን ኪሴ ከተትኩት። ጉርሻው አብሮ ኪሴ ገባ።

እህቴ ግን በላች። ዕንባዋን እየጠረገች፣ እየሳቀች፣ ጨርሳ ድጋሚ ቆረሰች። "አንተ፣ ይኼ ጣፋጭ አይደለም፤ ሕክምና ነው" እያለች ነው የምትበላው። ከዚያ ሐኪሟ እንዳዘዛት ቆይታ፣ ሁላችንም እያየናት፣ ጣቷን ወጋች። መለኪያውን ወደ መስኮቱ አዙራ አነበበችው።

"ደህና ነው" አለች። "እንዲያውም ዶሮው ነው ትንሽ ከፍ ያደረገው።" መለኪያዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ነጠላዋን አውልቃ ወንበር ላይ አኖረች። ነጠላዋን ካወለቀች አትሄድም ማለት ነው።

ከተማ የያዝኩ ያህል ነው የተሰማኝ። "ታንከሩ ውስጥ ውሃ መኖሩን ልይ" ብዬ ወጣሁ።

በያጁ ታንከሩ ጀርባ ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር። የብረት ሳጥኑ ተከፍቷል፤ ጋዜጣው ተፈትቷል፤ ካርቶኑ ውስጥ ኬክ አለ። ክሬም ያለው፣ ከላዩ ቀይ ጄሊ የተቀባ፣ ስኳር ከየጎኑ የሚያለቅስ ኬክ።

"እንዴት ሆነ ናናው?" አለኝ እየቆረሰ።

"ሰው ሊሞትብኝ ነበር! ምን ዓይነት ምላስ ነው ያለህ?"

"ምላሴ? የብየዳ ጭስ ከስንት ዘመን በፊት ጨርሶታል። እኔ እኮ ሚጥሚጣም አይሰማኝም።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ቅመስ አልከኝ እንጂ፣ ይሰማሃል ወይ ብለህ መች ጠየቅኸኝ?"

የምመልሰው ነገር ነበረኝ፤ አፌ ግን በኬክ ተሞልቶ ነበር። ሁለተኛውን ቁራሽ ጀምሬ ነበር እህቴ ባዶ ሳህኖች ተሸክማ ከጥጉ ብቅ ያለችው። ከታንከሩ ቧንቧ ልታለቀልቃቸው ነው የመጣችው። እንደ አምናው።

"እንኳን አደረሰዎት እናቴ" አላት በያጁ፣ አፉ ሙሉ እንደሆነ።

"እንኳን አብሮ አደረሰን።" ከዚያ እኔን አየችኝ። "ጢምህ ላይ ነው።"

"ምኑ?"

"ክሬሙ።"

"እትዬ፣ ይኼ ኬክ የእሱ ነው። ለጉርብትና ብዬ ነው እንጂ..."

"የእኔ?" አለ በያጁ። ጉርብትናችን ብዙ ነገር ችሏል፤ ይህን ግን አልቻለም።

እህቴ ሳህኖቹን ታንከሩ ሥር አስቀመጠቻቸው። "አምና ለምን የሄድኩ ይመስልሃል?"

"ኬኩ አምሮሽ።"

"ኬክ! እኔ ኬክ አምሮኝ ያውቃል? ሳያመኝም በፊት ከጣፋጭ ጋር ፍቅር አልነበረኝም፤ ቆሎ ነው የምወደው። የሄድኩት ተደብቃችሁ ስትበሉ ነው። አንዷ ማዕድ ቤት፣ አንዷ ግድግዳ ሥር፣ አንተ ከነሆድህ መጋረጃ ውስጥ። ምንድን ነኝ እኔ? ጅብ ነኝ? ሰው ጀርባውን እየሰጠኝ ሲበላ ምን ብዬ ልቀመጥ? ከመቀመጥ ሳህን ማጠብ ይሻለኛል። ዘንድሮ ተመስገን፣ ሁሉም ወደኔ ዞሮ በላ ብዬ ስደሰት፣ ይኸው አንተ ታንከር ጀርባ ገባህ። ከርሞ ጉድጓድ ትቆፍራለህ።"

የሱሉልታው ሽማግሌ "ብትጠይቃትስ?" ያሉት ያን ጊዜ ታወሰኝ። ቀልድ ፈለግኩ። ቀልድ አጥቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ኪሴ ውስጥ የነበረው ግን ናና የተጠቀለለበት ሶፍት ብቻ ነው።

"ትሄጃለሽ?" አልኳት።

ካርቶኑን ከነኬኩ አነሣችና ወደ ቤት አቀናች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞራ በያጁን "አንተም ና፤ ቤተሰብህንም ጥራ። ምን ታንከር ሥር ያቆምሃል?" አለችው።

ኬኩን ጠረጴዛው ላይ፣ ከናናው ጎን አኖረችው። ቢላውን ራሷ ያዘች። ለባለቤቴ፣ ለልጄ፣ ለበያጁና ለሚስቱ፣ በመጨረሻም ለኔ፣ ለእያንዳንዳችን ከኬኩ ቆርሳ በእጃችን ሰጠችን። ለራሷ ከናናው ቆረሰች።

"አሁን ብሉ" አለች። "ወደዚህ ዙሩና ብሉ።"

በላን። ዓይን ለዓይን እየተያየን ኬክ መብላት ከባድ ሥራ ነው፤ ከትንሽ በኋላ ግን ለመድነው። እህቴ የበያጁን ሚስት ስለ ልብስ አሰፋፍ እየጠየቀች፣ የናናዋን ዕንባ እየጠረገች፣ እየተነፈሰች በላች። ሲያልቅ ተነሥታ መረቀችን፤ ለከርሞ በሰላም ያድርሰን አለች። "ከርሞም እመጣለሁ" አለችኝ ስትቀመጥ፤ "ናናውን ግን ለጉንፋን ሰሞን አስቀምጠው።"

ልጄ ከዚያ በኋላ ነው ያሰበችው። "ቆይ፣ ኬክ አይገባም ተብሎ አልነበር? ይኼን ማን ገዛው?"

በያጁ ወደኔ ዞረ። ባለቤቴ ዞረች። እህቴም፣ ማንኪያዋን እንደያዘች፣ ዞረች።

ኬኩን የገዛሁት እኔ ነኝ። የገዛሁትም ክሬም ፍለጋ ሱሉልታ ከመሄዴ በፊት፣ ናናው ገና ብልቃጡ ውስጥ ሳለ ነው።